አባ መቅድም ዝም ያሉበት ሐሙስ

ማይክሮፎን በጨበጡ በሃያ ሰባተኛው ዓመት፣ የሕንጻው አሳንሰር በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ቆሞ በቀረ በሁለተኛው ዘመን፣ የሻይ ክበቡ ማንኪያዎች እንዳይጠፉ በሲባጎ ከጠረጴዛ ጋር በታሰሩ በስምንተኛው ወር፣ ከዕለታትም በዕለተ ሐሙስ፣ የሬዲዮ ጣቢያው ሊቀ ጠያቂያን፣ የመጻሕፍት ወዳጅ፣ የደራስያን አስተናጋጅ፣ የጋዜጠኞች ጋዜጠኛ፣ ጥያቄያቸው እንደ ክረምት ጎርፍ ከላይ ተነሥቶ ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ የሚወርድ፣ ስመ ጥሩው አባ መቅድም፣ ማንም ከእርሳቸው ያልጠበቀውን፣ እርሳቸውም ከራሳቸው ያልጠበቁትን ታላቅ ሥራ ሠሩ፤ ይኸውም ዝም ማለት ነው። እኛም ያየነውን አይተን፣ ያላየነውን ካዩት ጠይቀን፣ ሳንቀንስ፣ ብንጨምርም ሳናበዛ፣ እነሆ ጻፍነው።

ይህ ስም እናታቸው ያወጡላቸው አይደለም። የድምፅ ክፍል ሰዎች የሰጧቸው የጀግንነት ስም ነው፤ እኚህ ሰው ከጥያቄ በፊት መቅድም፣ ከመቅድሙም በፊት ለመቅድሙ ማስገንዘቢያ የሚሆን ሌላ ትንሽ መቅድም ያስቀድማሉና። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» የሚለውን ተረት ከአባታቸው ወርሰው፣ ሥሩን ሲቆፍሩ ግንዱንም ቅርንጫፉንም ፍሬውንም ራሳቸው ለቅመው፣ ለእንግዳው ቅጠሉን ብቻ ይተዉለት ነበር። ስለ አንድ ድልድይ መፍረስ መጽሐፍ የጻፈ ደራሲ በመጣ ጊዜ፣ ሰው መጀመሪያ ወንዝ ከተሻገረበት ቀን ተነሥተው፣ በግንድ ድልድይ፣ በድንጋይ ድልድይ፣ በብረት ድልድይ አልፈው፣ ያኛው ድልድይ ለምን እንደ ፈረሰ፣ በማን ጥፋት እንደ ፈረሰ፣ ደራሲውም ይህን ሲደርስበት ምን እንደ ተሰማው ካስረዱ በኋላ፣ በአራት ደቂቃ ከዐሥራ ሁለት ሰከንድ ጥያቄያቸውን ሲፈጽሙ፣ ደራሲው «እርስዎ እንዳሉት ነው» ብሎ ውሃ ጠጣ። ከጦር ሜዳ የተመለሰው ጋዜጠኛ «ምን የቀረ ነገር አለ ብለው ነው?» አለ። የታሪክ መምህሯ «አዎ» ብቻ አለች። ተርጓሚው ደግሞ ራሱን ነቀነቀ፤ መነቅነቅ በሬዲዮ አይሰማም። እነዚህ ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ በአባ መቅድም እጅ ድል የሆኑ ናቸው፤ የቀሩትን እንቁጠር ብንል ወረቀት አይበቃንም።

ክፉ ሰው ግን አልነበሩም፤ ይህ ይታወቅላቸው። የእንግዳውን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ያነብባሉ፤ አንዴ በመነጽር፣ አንዴ በእርሳስ። ይህን ያህል ለፍተው ያወቁትን በሆዳቸው ይዘው መቀመጥ ንፍገት ይመስላቸው ነበር። ደግሞም ፈሪ ነበሩ፤ ሞትንም አለቃንም ሳይሆን ዝምታን። በመጀመሪያው የሥራ ዓመታቸው አንድ እንግዳ በአየር ላይ አፉ ተሳስሮ ግማሽ ደቂቃ ሙሉ ዝም ብሎባቸው ነበርና፣ ያን ጊዜ የተሰማቸው ባዶነት፣ ደረጃ አለ ብለው እግራቸውን ሲሰነዝሩ ደረጃው የጠፋባቸው ያህል፣ እስከ ዛሬ በሆዳቸው አለ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ፊታቸው ትንፋሽ ለመውሰድ ካቆመ፣ ዘለው ይገቡለታል፤ እርሳቸው መርዳት ይመስላቸዋል።

ወእምዝ፣ ከዚያም ወዲህ፣ የጣቢያው መሐንዲሶች ከሦስት ዓመት በፊት በመቆጣጠሪያው ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ሣጥን ተከሉ፤ ስሙ በመመሪያው ላይ ረጅም ነው፣ ሠራተኛው ግን «ዘበኛው» ይለዋል። ሥራው አንዲት ናት፦ በአየር ላይ ዐሥር ሰከንድ ሙሉ ምንም ድምፅ ካልተሰማ፣ ጣቢያው የሞተ መስሎት፣ ማንንም ሳያስፈቅድ የአኮርዲዮን ዜማ ይለቃል፤ ዜማውም አንዴ ከተነሣ ስድስት ደቂቃ ሳይሞላው አይቆምም። አምስት ሰከንድ ሲሞላ አረንጓዴ መብራቱ ቢጫ ይሆናል፤ ዘጠኝ ሲሞላ ቀይ። ትንሽም ድምፅ ቢሰማ መልሶ አረንጓዴ ሆኖ ከአንድ ይጀምራል። የሣጥኑ ቁልፍ ያለው በዋናው መሐንዲስ ኪስ ነው፤ ዋናው መሐንዲስ ያለው ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው።

በዚያው ሳምንት፣ በዕለተ ሰኞ፣ ዳይሬክተሩ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አዋጅ ለጠፈ፤ ሳይነበብ እንዳይቀር የፈራውንም ራሱ በኮሪደሩ ቆሞ በቃሉ አስነገረ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ከአድማጭ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ ‘ለእንግዳው አዝነናል’ ይላል። ሐሙስ እትዬ ቀይ ብዕር ይመጣሉ። የድምፅ ባለሙያዋ ሰዓት ትይዛለች፤ የእርስዎን ለብቻ፣ የእሳቸውን ለብቻ። እንግዳዋ ከእርስዎ አስበልጠው ካልተናገሩ፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሰዓቱ ለዘፈን ምርጫ ይሰጣል። ‘እርስዎ እንዳሉት’ የሚል መልስ ደግሞ እንደ ንግግር አይቆጠርም፤ ኋላ እንዳንጣላ።»

ወሶበ ሰምዑ ዘንተ፣ ይህን በሰሙ ጊዜ፣ አባ መቅድም አዋጁን ዳር ቆመው በእርሳስ አረሙት፤ ሁለት ነጠላ ሰረዝ ጨመሩ። ልባቸው ግን ወደ ተረከዛቸው ወርዶ ነበር። ያ የሐሙስ ሰዓት ለእርሳቸው ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ከእርሱ ሌላ ስድስቱ ቀን የሐሙስ ዋዜማ ወይም የሐሙስ ማግስት ነበርና።

እትዬ ቀይ ብዕር ማን እንደ ሆኑ እንናገር። እኚህ ሴት አርባ ዓመት የጋዜጣ አርታዒ የነበሩ፣ አባ መቅድምም ገና ጀማሪ ዘጋቢ ሳሉ አለቃቸው የነበሩ ናቸው። ጀማሪው ጽሑፉን ይዞ ሲገባ ቀና ሳይሉ በቀዩ ብዕር የመጀመሪያዎቹን ሦስት አንቀጾች ይሰርዙና «ከዚህ ጀምር» ይሉት ነበር። አሁን ስለ ጋዜጣው ዘመን ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት ገጽ መጽሐፍ ጽፈዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ሕዝብ ሁሉ የሚጠይቀው ነገር በአንዲት መስመር ብቻ አለ። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት፣ ወንዙ ሞልቶ ታችኛውን ሰፈር ባጥለቀለቀ ሳምንት፣ የጋዜጣው የመጀመሪያ ገጽ መካከሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ነጭ ቦታ ይዞ፣ አንድ ፊደል ሳይኖርበት ወጣ። አንዱ የታሪክ ጸሐፊ ሳንሱርን መቃወም ነው አለ፤ ሌላው ለሞቱት ሐዘን ነው አለ፤ ሦስተኛው በዚህ ጉዳይ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። እትዬ ቀይ ብዕር ግን «በዚያ ሳምንት አንድ ቦታ ባዶ ወጣ» ብለው ጽፈው ወደ ሌላ ምዕራፍ አለፉ።

በዕለተ ረቡዕ የድምፅ ባለሙያዋ፣ በጆሮዋ ከርቀት ትንኝ የምትለይ፣ ባለ ሰዓቷ፣ ባለ አጭር ቃሏ፣ በመቆጣጠሪያው ክፍል ደጃፍ ቆማ የራሷን አዋጅ አስነገረች፦ «ጋሼ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምናገረው፤ ይቀመጡ። እትዬን ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ አነጋግረዋቸዋል፤ ሦስቱንም ቅጂ ሰማሁት። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ባዶው ቦታ ጠይቀዋቸዋል። ሦስቱንም ጊዜ እሳቸው ትንፋሽ ወስደው ዝም አሉ። ሦስቱንም ጊዜ አራተኛዋ ሰከንድ ላይ እርስዎ ገብተው ራስዎ መለሱ! የመጽሐፍ ምረቃቸውን ቅጂ ደግሞ ለካሁ፤ እዚያ ማንም አልነካቸውም፤ ትልቅ ነገር ከመናገራቸው በፊት ዘጠኝ ሰከንድ ዝም ይላሉ። ዘጠኝ! ዘበኛው በዐሥር ይነሣል። በመሃል ያለችን አንዲት ሰከንድ ናት፤ እባክዎን እሷን እንዳይበሉብኝ።»

አባ መቅድም ይህን ሰምተው ስለ ዝምታ ታሪካዊ አመጣጥ ሊያስረዱ ጀመሩ፤ እርሷም ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

በይእቲ ዕለት፣ በዕለተ ሐሙስ ማለዳ፣ አባ መቅድም ከአልጋቸው ተነሥተው በመታጠቢያ ቤት ሰፈሩ፤ በዚያም ጢማቸውን ተላጭተው፣ ፊታቸውን በመስተዋት እያዩ ጥያቄያቸውን ሁለት ጊዜ አሰምተው፣ ከዚያ ተነሥተው በምግብ ጠረጴዛው ሰፈሩ። የዘመቻ ልብሳቸውን፣ ግራጫ ኮትና ግራጫ ሱሪ፣ ከሰኞ ጀምሮ እንደ ለበሱት ነበሩ፤ አዋጁ ከወጣ ወዲህ ሌላ ልብስ መልበስ ገድ የሚያጠፋ መስሏቸው ነበርና። ሱሪው እርሳቸው አንድ ሰው ሳሉ የተሰፋ ነበር፤ አሁን አንድ ሰው ተኩል ናቸው። ባለቤታቸው፣ የቤቱ እቴጌ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ዓረፍተ ነገር ጀምረው ሰው ሲጨርስላቸው የኖሩ ታጋሽ፣ ሻዩን ቀድተው አዋጅ ጀመሩ፦ «ስማኝማ፣ ከሰኞ ጀምሮ አንድ ነገር ልነግርህ ስል፣ ያ ግራጫው…» አዋጁ እዚህ ላይ ተቋረጠ። አባ መቅድም በግራጫው ኮት እንደ ማይበርዳቸው፣ ዛሬም ፀሐይ እንደ ሆነ፣ በሬዲዮም ቀለም እንደ ማይታይ፣ የሬዲዮ አለባበስም ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፣ ዳቦ እየቆረሱ አስረዱ። እመቤቲቱም ማንኪያቸውን አስቀምጠው ሁለተኛውን አዋጅ በአጭሩ አወጁ፦ «ተወው፤ ዝም አይነቅዝም።»

ከዚያም አባ መቅድም ተነሥተው በአውቶቡስ ዘመቱ፤ በሦስት ሰዓትም ከሕንጻው በር ደረሱ። እትዬ ቀይ ብዕር በር ላይ በምርኩዛቸው ቆመው ነበር፤ አሳንሰሩም እንደ ቆመ ነበር፤ ስለዚህ ሠራዊቱ አምስት ፎቅ በእግር ወጣ። የሠራዊቱም አሰላለፍ ይህ ነበር። ከፊት አባ መቅድም፣ ሰባት ገጽ ጥያቄ፣ ሦስት እስክሪብቶና የጉሮሮ ከረሜላ ታጥቀው፤ ቀጥሎ የድምፅ ባለሙያዋ፣ ሰዓቷን በአንገቷ አንጠልጥላ፤ ቀጥሎ የፕሮግራሙ ጸሐፊ፣ አርባ ሦስት የወረቀት ምልክት የተሰካበትን መጽሐፍ እንደ ሕፃን ታቅፋ፤ ቀጥሎ ጉንፋን የያዘው ዜና አንባቢ፣ ለዘመቻው ሳይሆን መንገዱ አንድ ስለ ሆነ የተከተለ፤ ከእርሱም በኋላ እትዬ ቀይ ብዕር፣ በየፎቁ እያረፉ፤ በደጀንም የጽዳት ሠራተኛዋ፣ «ደረጃው ገና አልደረቀም!» እያለች።

ጌታችን አባ መቅድም ወደ ፊት ሲወጡ ሠራዊቱ ከኋላቸው ሽቅብ ያያቸው ነበር፤ ያየም ሁሉ ፊቱ በፈገግታ በራ። ዜና አንባቢው ሳቀና አስነጠሰ። የድምፅ ባለሙያዋ «ጋሼ፣ አንድ ነገር…» ብላ ጀመረች፤ እርሳቸው ግን ሰዓት እንደ ደረሰ ያውቁ ነበርና አላስጨረሷትም። እትዬ ቀይ ብዕር በመሐረባቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አባ መቅድም ዞረው ይህን ሁሉ ፈገግታ ባዩ ጊዜ፣ ሠራዊቴ ይወደኛል ብለው ልባቸው ሞቀ፤ የእትዬንም ሳቅ ሳል መስሏቸው፣ ስለ ሳል እስከ አምስተኛው ፎቅ አስተማሯቸው።

ወእምዝ በስቱዲዮው በር ላይ «በአየር ላይ» የሚለው ቀዩ መብራት በራ፤ ጦርነቱም ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ሠላሳ አምስት ደቂቃዎች የሆነውን ብንደብቅ ደስ ባለን፤ ነገር ግን ዜና መዋዕል ጸሐፊ መዋሸት አይገባውም። አባ መቅድም ስለ ማተሚያ ማሽን ጠየቁ፤ በጥያቄው ውስጥ ቀለም፣ ወረቀትና የፊደል ቅርጽ ተወለዱ፣ አደጉ፣ አረጁ። ስለ ጋዜጣ ሻጮች ጠየቁ፤ መልሱም በጥያቄው ሆድ ተረገዘ። እትዬ ቀይ ብዕር ትዕግሥተኛ ናቸውና በተሰጣቸው ቀዳዳ ሁሉ ሾልከው ጥቂት ጥቂት ተናገሩ። የድምፅ ባለሙያዋ ከስቱዲዮው መስተዋት ማዶ በወረቀት ላይ በትልቁ ጽፋ ከፍ አደረገች፦ ሃያ አንድ ለዐሥራ ሁለት። ሃያ አንዱ የጌታችን ነበር። ከበስተኋላዋም ዳይሬክተሩ ክንዱን አጣምሮ መጥቶ ቆመ፤ በእጁ የዘፈን ምርጫ ማስታወቂያ የሚመስል ነገር ነበር።

ያን ጊዜ አባ መቅድም ወረቀቱን አዩ፤ ዳይሬክተሩን አዩ፤ ከፊታቸው የተቀመጡትን አሮጊት አዩ። እትዬ ቀይ ብዕር ከድሮ ልማድ የተነሣ እስክሪብቶ በጣታቸው ይዘው ነበር፤ ቀይ ነበር። ጌታችንም ለባዶው ቦታ ያዘጋጁትን ጥያቄ፣ ሁለት ገጽ ተኩል የሆነውን፣ ሦስቱ ታሪክ ጸሐፊዎች ከነግርጌ ማስታወሻቸው ያሉበትን፣ ገልብጠው በጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ከዚህ ጀምር» የሚል ድምፅ ከሠላሳ ዓመት ማዶ የሰሙ መሰላቸው። በአየር ሞገድም ላይ ከዚያ በፊት ያልተሰማውን አዋጅ አወጁ፣ ቃሉም አምስት ነበር፦ «ያ ቦታ ለምን ባዶ ወጣ?»

እትዬ ቀይ ብዕርም ትንፋሽ ወስደው ዝም አሉ።

የመጀመሪያዋ ሰከንድ በሰላም አለፈች። በሁለተኛዋ የሳንሱር ሕግ የወጣበት ዓመተ ምሕረት ከነወሩ በጉሮሯቸው ተነሣ፤ እንደ ትኩስ ድንች ዋጡት። በሦስተኛዋ «እርግጥ ነው» የሚለው ቃል፣ የብዙ ዘመቻ ፊታውራሪ፣ እስከ ከንፈራቸው ገሥግሦ መጣ፤ ጥርሳቸውን ገጥመው በሩን ዘጉበት። አራተኛዋ ደረሰች፤ ሦስት ጊዜ የወደቁባት፣ የሽንፈታቸው መቃብር፤ በእርሷም ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ተሻገሩ። የዘበኛው መብራት ቢጫ ሆነ። አባ መቅድም ያ የጠፋው ደረጃ ከእግራቸው ሥር ሲሸሽ ተሰማቸው፤ ከረሜላውን በምላሳቸው ሥር እንደ መልሕቅ ጣሉት። ስድስት። ዳይሬክተሩ የተጣመረ ክንዱን ፈታ። ሰባት። እትዬ ቀይ ብዕር ብዕሩን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አሳለፉ። ስምንት። ዘጠኝ።

በዘጠነኛዋም እትዬ አልተናገሩም! መብራቱ ቀይ ሆነ። ባለሙያዋ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። ያን ጊዜ በአባ መቅድም ደረት ውስጥ «ማለቴ» የምትለው ቃል፣ የመቅድሞች ሁሉ እናት፣ ተነሣች፤ ሌላውን ሁሉ ያሸነፈ ክንድ ለእርሷ አልበቃም። ጌታችንም ወደ ታች ሊመልሷት የወንበሩን ሁለት ክንዶች ጨብጠው፣ ሆዳቸውን አጥፈው፣ መላ ሰውነታቸውን ወደ ፊት በኃይል ደፉ። ያን ጊዜም ከታች፣ ከወንበሩ አካባቢ፣ ምንጩ ያልታወቀ ድምፅ ተሰማ፦ ጥርርርር።

ዘበኛው ሰማ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ቁጥሩም ከአንድ ጀመረ። ዜና አንባቢው ወንበሩ ሲጥ ያለ መሰለው፤ ሀገር ሁሉ ወንበሩ ሲጥ ያለ መሰለው። ከየት እንደ መጣ በስፍራው እንናገራለን። እትዬ ቀይ ብዕር ግን ሳቁ፤ እንደ ልጃገረድ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። ሳቁም የሠላሳ ስምንት ዓመት ቋጠሮ ፈታና እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ? ይህን ሁሉ ዓመት ጀግና ስባል ኖርኩ፤ ደስ ይላል፣ አልዋሽህም። ግን ሳንሱር የተቃወምኩ አይደለም። ሐዘንም አይደለም። ያ ዶክተር የጻፈውንማ እኔም አንብቤ አልገባኝም። አንድ ሪፖርተር ነበረን፤ በሕይወቱ በሰዓቱ የደረሰበት ቀን የለም፤ ‘አቶ መጣሁ’ ነው የምንለው። ወንዙ የሞላ ጊዜ ላክነው። ከዚያ ስልክ ደወለና ‘ሃያ መስመር ያዢልኝ፣ መጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ለማንም እንዳትሰጪብኝ፣ መጣሁ’ አለኝ። መስመሩ ተቋረጠ። እኔም ያዝኩለት። ማተሚያ ቤቱ ጮኸብኝ። የሳሙና ማስታወቂያ ይዘው መጡ። አለቃዬ ‘የአየር ጠባይ ጣይበት’ አለኝ። እምቢ አልኩ። ጎርፍ መሃል ያለ ሰው መጣሁ ብሎኝ፣ ቦታውን ለሳሙና ብሰጠው፣ አይመጣም ብዬ የፈረድኩበት መሰለኝ። ባዶውን ይውጣ አልኩ።»

እዚህ ላይ ደግሞ ዝም አሉ። አባ መቅድምም ዝም አሉ፤ አሁን መንገዱን ያውቁታልና፣ የጠፋው ደረጃም ከእግራቸው ሥር ቀስ ብሎ የተመለሰ መሰላቸው። በሰባተኛዋ ሰከንድ እትዬ ቀጠሉ፦

«በሦስተኛው ቀን መጣ። ጎመን በጫነ መኪና ላይ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ወረቀቱ ርሶ አንድ ፊደል አይነበብም። ሰላም እንኳን ሳይለኝ ‘ቦታዬስ?’ አለኝ። ጋዜጣውን ሰጠሁት። አየው፣ አየው፣ አየውና ‘እኔ ከጻፍኩት ይሻላል’ አለኝ። ምን ላድርገው? አገባሁት። ለሠርጉም ዘገየ! ‘ታሪኩን ተናገሪልኝ፣ ግን በሬዲዮ ይሁን፣ ጎረቤት ይስማ’ ሲለኝ ኖሮ፣ ሦስት ጊዜ እዚህ መጣሁ፤ ሦስት ጊዜ አንተ ራስህ መለስክልኝ። ቤት ስገባ ‘ዛሬም ቦታዬን ለሌላ ሰጠሽው’ ይለኛል፣ እየሳቀ። በመጽሐፉም ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ ከእንግዲህ ለመዘግየት ጊዜ የለውም። ሃያ መስመሩ ይኸው፤ ደረሰ።»

ከዚያም በኋላ ስለ ጎርፉ፣ ስለ ሞቱትም ስለ ተረፉትም፣ ጋዜጠኛ ምን ሲያውቅ እንደሚጽፍ፣ ሳያውቅስ ምን ማድረግ እንደሚገባው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ፤ አባ መቅድም እርሳሳቸውን እንኳ አላነሡም። ሦስት ጊዜ የበሉት ታሪክ ምን እንደ ነበረ አሁን ገብቷቸው፣ ጆሯቸው ቀልቶ ነበር። የድምፅ ባለሙያዋ የመጨረሻውን ቁጥር ጽፋ ከፍ ባደረገች ጊዜ፣ ሃያ አንድ ለሠላሳ አምስት ሆነ፤ ሠላሳ አምስቱ የእንግዳዋ ነበር። ዳይሬክተሩም የዘፈን ምርጫውን ማስታወቂያ አራት አጥፎ ኪሱ ከተተና በኮሪደሩ አወጀ፦ «ሰዓቱ በቦታው ይቆያል! ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያን ወንበር ግን ዘይት እናስቀባዋለን።»

ወዲያው የመቆጣጠሪያው ክፍል ስልክ ጮኸ። የድምፅ ባለሙያዋ አነሣችው፤ የአንድ አዛውንት ድምፅ «ተጀመረ ወይ?» አለ። እርሷም እንዳትስቅ ከንፈሯን ነክሳ፣ ፕሮግራሙ እሑድ ከቀኑ በስምንት ሰዓት እንደሚደገም ለሠራዊቱም ለአዛውንቱም በአንድ ድምፅ አወጀች። እትዬ ቀይ ብዕር ስልኩን ተቀብለው «አንተ ሰውዬ፣ እሑድ ከጠዋት ጀምረህ ሬዲዮው ሥር ትቀመጣለህ፤ ጎረቤት እኔ እጠራለሁ» ብለው ዘጉት።

ድል አድራጊው አባ መቅድም በአውቶቡስ ተመልሰው ወደ ቤታቸው ገቡ። በመንገድ ላይም ከኋላቸው የሚሄድ ሁሉ ፈገግ ይል ነበር፤ ዜናው እንዲህ ፈጥኖ በመሰማቱ ተደነቁ። ወደ ሳሎኑ ሲገቡ ባለቤታቸው ሬዲዮውን አጥፍተው ተቀምጠው ነበር። ያን ጊዜ አባ መቅድም ከድላቸው አንዱንም ሳይተርኩ፣ መቅድም ሳያስቀድሙ፣ ቆመው በአንድ ቃል አወጁ፦ «ንገሪኝ።» ይህንም ብለው ዝም አሉ።

እመቤቲቱ በመጀመሪያ ደነገጡ። ተነሥተው ግንባራቸውን ዳሰሱ፤ ትኩሳት የለም። ተመልሰው ተቀመጡ። በዚያ ቤት ዘበኛ የለም፤ ስለዚህ ዝምታው ዐሥርን አልፎ፣ ዐሥራ አምስትን አልፎ ሄደ፤ ጌታችንም አልተነቃነቁም። ኋላ እመቤቲቱ የሠላሳ አንድ ዓመት አዋጃቸውን ፈጸሙ፦

«ያ ግራጫው ሱሪህ ከኋላ ስፌቱ ለቆ ነበር። ሰኞ ስትወጣ አየሁት፤ ሁለት ጣት ያህል። ልነግርህ ብል አታስጨርሰኝ። ማታ አውልቀህ ስትተኛ መርፌውን አንስቼም ነበር፤ ከዚያ እልህ ያዘኝ! ሰምቶ በአፉ ‘ስፊልኝ’ እስኪል አልነካውም አልኩ። ማክሰኞ ሦስት ጣት ሆነ። ዛሬ ሬዲዮውን ከፍቼ ስሰማ፣ ያ ጥርርር ሲል፣ ሀገር ሁሉ ወንበር መሰለው፤ እኔ ግን ‘በቃ፣ ሄደ’ አልኩ። በል ዙር እስቲ።»

አባ መቅድም ዞሩ። ከወገብ እስከ ታች የሆነውን ብዙ መግለጽ አያስፈልግም፤ ነጭ ሸሚዛቸው እንደ እርቅ ባንዲራ ወጥቶ ነበር። በኮሪደሩ፣ በደረጃው፣ በአውቶቡሱ ያዩት ፈገግታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ትርጉሙ ተገለጠላቸው። ከዚያም የበለጠ ነገር ተገለጠላቸው፦ ሰኞ ዕለት ሚስታቸውን ሰምተው ቢሆን ኖሮ ሱሪው ይሰፋ ነበር፤ ሱሪው ተሰፍቶ ቢሆን በዘጠነኛዋ ሰከንድ ያ ድምፅ አይሰማም ነበር፤ ያ ድምፅ ባይሰማ ዘበኛው አኮርዲዮኑን ለቅቆ፣ የእትዬ ቀይ ብዕር ባል ለአራተኛ ጊዜ ቦታውን ለሌላ ሰው ይለቅ ነበር። ሐሙስ ዕለት ሰው ለመስማት የበቁት ሰኞ ዕለት ሰው ባለመስማታቸው ነው። ይህ ነገር ከመነሻው፣ ከስፌት መርፌ ታሪክ ጀምሮ፣ በሰፊው መተንተን የሚገባው ነገር ነበር፤ ቢያንስ አራት ደቂቃ ይፈልጋል። አባ መቅድም አፋቸውን ከፈቱ።

ከፈቱና የሚስታቸውን ፊት አዩ። እመቤቲቱ የስፌት ሣጥኑን ክዳን አንሥተው፣ ግራጫ ክር መርጠው፣ መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንተው፣ ክሩን ሳያስገቡ ይጠብቁ ነበር። ጌታችንም አራቱን ደቂቃ ዋጡና የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «ስፊልኝ።»

ክሩ ገባ።

እንግዲህ ሰባት ገጽ ይዞ ወጥቶ በአምስት ቃል ለተዋጋው፣ በሁለት ቃል ለታረቀው ለአባ መቅድም ምስጋና ይሁን፤ ዝም ብሎ መስማት ዝም ብሎ እንደ ማለፍ ቀላል ነው ያለ ካለ፣ መጥቶ በዚያ ወንበር ይቀመጥና ዘጠኝ ይቁጠር። ሰዓቷን ላልሳተችው ባለሙያ ምስጋና ይሁን። ባዶ ቦታን ለሳሙና ላልሰጡት አርታዒ፣ ዘግይቶም ቢሆን ለደረሰው ባላቸው ምስጋና ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን በክፉ ቀን ከጌታው ኋላ ቆሞ፣ ሌላው ሁሉ ዝም ባለ ጊዜ ለተናገረው፣ ቁስሉንም በፀጥታ ለተሸከመው፣ ለዚያ ታማኝ ግራጫ ሱሪ ክብር ይገባዋል፤ እርሱም ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ የሚመጣውን ሐሙስ በመደርደሪያው ላይ ይጠብቃል።